ሞላዋ የተቆረጠ የሙሽራ መኪና

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶ የያዝኩት የሆነ ቦታ ፈርሚ ስባል ብቻ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። የምነግራችሁ በሠርጌ ቀን የደረሰብኝን ነው፤ ከሐረማያ ወደ ድሬ ዳዋ ስንወርድ፣ ደንገጎ ላይ።

ያን ጊዜ ድሬ ዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ከእናቴ ጋር ቅመም እንሸጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር እናቴ ትሸጣለች፣ እኔ እመዝናለሁ። ሰው መጥቶ ዋጋ ሲጠይቀኝ አንገቴን ደፍቼ በጣቴ ወደ እናቴ እጠቁማለሁ። ከጎናችን ዝንጅብል የምትሸጠው ፋጡማ «አቦ ይቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቤት ረስተሽው ነው የምትመጪው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ባሌ ሙሉጌታ የወደደኝም ዝምተኛ ስለሆንኩ ነው። ራሱ ነው የነገረኝ። «ድሬ ላይ ዝም የምትል ሴት ማግኘት ሎተሪ ነው» ይላል ለጓደኞቹ፣ እነሱም ይስቃሉ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ። አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሰው ፊት ከሚዋረድ ሞቱን ይመርጣል። ይህን ያወቅኩት ከሠርጋችን በፊት ነው።

ነጭ ዲኤክስ መኪና ነበረችው። አሮጌ ናት ግን ይወዳታል። ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገው ጀማል መካኒክ ነው። ሠርጋችን ሲቃረብ ጀማል መኪናዋን ወስዶ ጥቂት ቀን አቆያት። ሲመልሳት ቀለሟ አዲስ፣ ጎማዋ ሰፊ፣ እሷ ራሷ ደግሞ መሬት ልትነካ ትንሽ የቀራት ሆና መጣች።

«ሞላዎቿን ቆረጥኩልህ» አለው ጀማል። «መኪና ስትተኛ ነው የምታምረው። የሠርግ ስጦታዬ ናት፣ ወላሂ አንድ ነገር አልቀበልህም!»

ሙሉጌታ አቅፎ ሳመው። እኔ መኪና አላውቅም። ሞላ የሚባለው ከጎማው በላይ የመኪናውን አካል የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ፣ ልጆች እየተጎነበሱ በሥሯ ለማየት ሞከሩ። አምራ ነበር፣ አልዋሽም።

በሠርጌ ጠዋት አክስቴ ቬሎዬን እያስተካከለች መከረችኝ። «ሙሽራ ቀና ብላ አታይም። አትስቅም። አታወራም። የጠየቀሽ ቢኖር ሚዜሽ ትመልስልሽ። አንድ ቀን ነው፣ ቻይው።»

ሳቄ መጣ። ለእኔ ይህ ምን ምክር ያስፈልገዋል?

ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን በቀጥታ ወደ አዳራሹ አልሄድንም። የሙሉጌታ እናት እማማ ዘነበች የሚኖሩት ሐረማያ ነው። እግራቸውን ያማቸዋል፣ ወደ ድሬ መውረድ አይችሉም ተብሎ ነበር። ስለዚህ እኛው ወጥተን እንድንመረቅና ለምሳ እንድንመለስ ተወሰነ። ጀማል ይነዳል፣ ሙሉጌታ ከፊት ከጎኑ ነው፣ እኔና ሚዜዬ ሄለን ከኋላ። በኋላችን የቪዲዮ ቀራጩ ያለበት መኪናና ሁለት ሚኒባስ አጃቢ ፍሬቻ እያበሩ ይከተሉናል።

ገና ከከተማ ሳንወጣ አንድ የመንገድ ጉብታ ላይ መኪናዋ ከሥር «ጓ!» አለች። ጥርሴ ተጋጨ።

«አቦ ጀማል፣ ወገቤን!» አለች ሄለን።

«ስፖርት መኪና እንዲህ ነው የእኔ እመቤት። ሶፋ ከፈለግሽ ሚኒባሱ ውስጥ ግቢ።»

ሳቅን። ዳገቱን እየዘፈንን ወጣነው። መንገዱ ላይ ያለችው ጠጠር ሁሉ ወንበሩን አልፋ አጥንቴ ውስጥ ትገባ ነበር፣ ግን ሁሉም ደስ ብሎት ነበር።

እማማ ዘነበች በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ጠበቁን። ጉልበታቸውን ስንስም መረቁን፣ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «በሉ አሁን አንሱኝ» አሉ።

«የት?» አለ ሙሉጌታ።

«ሠርግህ ነዋ! እዚህ ቁጭ ብዬ ልስማው? አንተን የተሸከምኩህ ሰው አንድ ቀን ብትሸከመኝ ምን ትሆናለህ?»

ሰው ሁሉ እልል አለ። እሳቸውን ከነወንበራቸው ተሸክመው መኪናዋ ጋ አድርሰው በግራው በር አስገቧቸው። ሄለን መሐል ሆነች፣ እኔ በቀኝ በኩል። የሐረማያ ዘመድ ደግሞ ሙሽራን ባዶ እጁን አይሸኝም። አንድ ጆንያ ድንች፣ አንድ ጆንያ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን የኋላው ኮፈን ውስጥ ጫኑልን። መኪናዋ ከኋላ ቁጭ አለች። የጎማው ግማሽ ከጭቃ መከላከያው ሥር ገብቶ ጠፋ።

ጀማል ራቅ ብሎ አያትና አጨበጨበ። «አሁን ነው ያማረባት! ይህንን ቅረጽልኝ!» አለው ቀራጩን።

ደንገጎን የማያውቅ ካለ፣ መንገዱ ከደጋው ወደ ድሬ ሙቀት እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል። ስንወርድ ገደሉ በእኔ በኩል ነበር።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት መወዛወዙን ነው። ጉብታ ካለፍን በኋላ መኪናዋ አንዴ ነጥራ አትቆምም። እንደ ኳስ ትነጥራለች፣ ትነጥራለች፣ ሳትረጋ ሌላ ጉብታ ይመጣል። ቀጥሎ ጥምዝ ላይ ስንዞር ከእኔ ሥር «እርርር» የሚል ድምፅ ተሰማኝ። አንድ ነገር አንድ ነገርን እየፋቀ ነበር። ቀጥ ስንል ይጠፋል፣ ስንዞር ይመጣል። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ላስቲክ።

ወደ ሄለን ጆሮ ጠጋ ብዬ «ይሸታል» አልኳት።

«ሙሌ» አለች ሄለን፣ «ሙሽራዋ የሚሸት ነገር አለ ትላለች።»

«ከፊታችን ያለው ሲኖ ነው» አለ ጀማል። «ቁልቁለት ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ይሸታል።»

ሙሉጌታ ዞሮ ጠቀሰኝ። «ፈራሽ እንዴ?» ብሎ ሙዚቃውን ጨመረው።

ራሴን ጠየቅኩ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? የሚነዳው መካኒክ ነው። የሠራትም እሱ ነው። ሲኖው ደግሞ እውነትም ከፊታችን አለ። ነገር ግን ሲኖው ሁለት ጥምዝ ቀድሞን ከዓይን ጠፋ፣ ሽታው ግን አልጠፋም። እንዲያውም በረታ። ከጎማው በላይ፣ በጎኔ ያለውን ብረት በእጄ ነካሁት። ሞቋል።

እማማ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ይጸልያሉ። ሄለን እጄን ይዛለች፣ ላብ በላብ ነው። የማን እጅ እንዳላበው አላወቅኩም።

ከዚያ አስፋልቱ የሰመጠበት ቦታ ደረስን። መኪናዋ ወረደች፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ላይ ተወረወረች። ስታርፍ ከሥሬ «ቀጭ» የሚል የብረት ድምፅ ወጣና ኋላዋ ወደ ገደሉ ተንሸራተተ። ጀማል መሪውን ቶሎ ቶሎ ጠምዝዞ መለሳት።

«ኧረ ጀግና!» ብሎ ሙሉጌታ ትከሻውን መታው።

እኔ ግን የጀማልን አንገት እያየሁ ነበር። ላቡ እየወረደ ነበር። አልሳቀም። መስታወቱን አየ፣ ከኋላ የቪዲዮው መኪና አለ፣ አጃቢው አለ፣ ጥሩምባው አለ። ድምፁን እሱም እንደሰማው ያኔ ገባኝ። ሰምቶታል፣ ግን አያቆምም። በራሱ ስጦታ፣ በጓደኛው ሠርግ፣ ካሜራ ፊት እንዴት ያቁም?

«ሙሌ» አልኩ። ከሙዚቃው በታች ቀረ።

«ሙሌ፣ አቁሙ።»

ማንም አልሰማኝም። ከፊታችን ሌላ ጥምዝ መጣ፣ «እርርር» የሚለው ድምፅ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «አቁም! ጀማል አቁም! ካላቆምክ በሩን ከፍቼ እወርዳለሁ!» ብዬ ጮህኩ። እጄ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር። ከፍቼውም ነበር መሰለኝ፣ ነፋስ ገብቶ ቬሎዬን ወደ ላይ አነሳው። ሄለን ጮኸች። ጀማል ፍሬን ያዘ። መኪናዋ እየነጠረች፣ እየነጠረች ጥምዙ አፍ ላይ ቆመች።

ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ይነፋሉ። ሙሉጌታ ሙዚቃውን ዘግቶ ዞረ። ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል።

«ምን ሆነሻል? ሰው ሳቀብን እኮ!»

«እናትህን አውርዳቸው።»

«ግቢ። በሩን ዝጊ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠብቃል።»

«አልገባም።» ወርጄ ቆምኩ። የቪዲዮ ቀራጩ ወርዶ እየቀረጸ ነው፣ ወንዶቹ ከሚኒባሱ እየወረዱ «ምንድነው? ሙሽራዋ ልትሄድ ነው?» እያሉ ይስቃሉ። ሙሉጌታ ይህን ሰማ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምልሽ፣ ግቢ!»

ያኔ እማማ ዘነበች ከውስጥ «እኔም እወርዳለሁ» አሉ። «ሙሌ፣ አንሳኝ።»

እናቱን እምቢ ማለት አልቻለም። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። ቬሎዬ አቧራ ጠረገ። ሄለንም ወርዳ ከጎናቸው ተቀመጠች።

ከታች በኩል ዳገቱን እየወጣ የነበረ አንድ ከባድ መኪና ቆመና ሽማግሌ ሹፌሩ ሽርጡን እያጠበቀ ወረደ። ሱማሌ ነው። ማንንም ሳይጠይቅ ተጎንብሶ በቀኙ የኋላ ጎማ በኩል ወደ ውስጥ አየ። ቆየ። ሲነሳ ፊቱን ወደ ጀማል አዞረ።

«ወሪያ፣ ይሄን ሞላ ማን ቆረጠው?»

«እኔ» አለ ጀማል።

«ሞላ ከቦታው ወጥቷል፣ ጎንበስ በል እየው። ጎማው ክሩ ታየ። አንተ ሙሽራ ነው ሬሳ ነው የጫንከው?»

ጀማል ተንበርክኮ አየ። ሲነሳ ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ እንኳ አላራገፈም። ድምፁ ዝቅ አለ። «ሙሌ… እሷ እውነቷን ነው። ጥምዙ ላይ መቆም ግን አይሆንም፣ ከታች የሚመጣ መኪና ይገጨናል። ቀስ ብዬ እዚያ ሰፊው ቦታ ድረስ ላውርዳት።»

«አብሬህ ነኝ» አለ ሙሉጌታ። የፊቱን በር ሊከፍት ሄደ።

ኮቱን ከኋላ ያዝኩት።

«ልቀቂኝ።»

«አትገባም።»

«በሰው ፊት አታዋርጂኝ! ልቀቂ!»

ጎተተ፣ አለቀቅኩም። በሁለት እጄ ያዝኩት። ስፌቱ ሲተረተር ሰማሁ። ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ «ሎተሪው ወጣልህ!» አለ። ሙሉጌታ እጁን አነሳ። ሊመታኝ ነበር ወይስ ሊያስለቅቀኝ፣ ዛሬም አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅም። ጀማል ብቻውን ገብቶ ነዳ።

እንደ ሰው እርምጃ ነበር የምትሄደው። ጥምዙን ልትጨርስ ስትል ጎማው ፈነዳ። ተራራው መልሶ አስተጋባው። መኪናዋ በቀኝ በኩል ዘጭ ብላ ወደቀች፣ መሪው ዞረ፣ ወደ ገደሉ ተሳበች። የገደሉ አፍ ላይ ያለው አጭር የድንጋይ ግንብ ያዛት። ከግንቡ ላይ አንድ ድንጋይ ተነቅሎ ወደቀ፣ ሲወርድ ብዙ ቆይቶ ነው ድምፁ ያለቀው።

ጀማል በግራው በር ወጣ። መንገዱ መሐል ቁጭ አለና ጭንቅላቱን ያዘ። ሽማግሌው ሹፌር አጠገቡ ተቀምጦ በሱማሊኛ አንድ ነገር እያለ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

እንደ ሰው እርምጃ ስትሄድ እንዲያ ከሆነች፣ አምስት ሆነን በዚያ ፍጥነት ስንወርድ ቢሆን ምን እንሆን እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የሙሉጌታን ኮት አሁንም ይዤ ነበር። አንድ በአንድ ጣቶቼን አላቀቀ።

በሚኒባሱ ተጠጋግተን ወረድን። አዳራሽ ስንገባ እልልታው ያው ነው፣ ምግቡ ያው ነው። ኬክ ስንቆርስ እጁ እጄ ላይ ነበር፣ ቀዝቃዛ። ሰው ሁሉ ወሬውን ሰምቷል። እኩሌታው «ሙሽራዋ ነፍስ አዳነች» ይላል፣ እኩሌታው «ባሏን በኮቱ ጎተተችው» ይላል። እሱ የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ቤታችን ገብተንም የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የሚያናግረኝ። «ውኃ ስጪኝ።» «በሩን ዝጊው።» የወደደውን ዝምተኛ ልጅ ደንገጎ ላይ ጥዬበት እንደመጣሁ ተሰማኝ። አሁን ማንን እንዳገባ አላወቀም፣ እኔም አላወቅኩም።

አንድ ጠዋት ጀማል መጣ። በከረጢት ብረት ይዟል። ደጃፍ ላይ አወጣው፦ የተቆረጠው ሞላና አንድ በዘይት የጨቀየ ዘንግ።

«ይሄ ሾክ አብዞርበሩ ነው» አለ። የሚያየው ሙሉጌታን ነው፣ እኔን አላየኝም። «ሞላው መኪናዋን ይሸከማል፣ ይሄ ደግሞ ሞላው እንዳይነጥር ይይዘዋል። ሾኩ የተሠራው ለረጅሙ ሞላ ነው። እኔ ሞላውን አሳጠርኩ፣ ሾኩን ግን እንዳለ ተውኩት። ስለዚህ ሁልጊዜ ተጨፍልቆ ነው የሚሄደው፣ የሚወርድበት ቦታ አልቆበታል። በየጉብታው ብረት ከብረት ሲጋጭ ላስቲኩ ተቀደደ፣ ዘይቱ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲያ የሚይዛት የለም። ስትነጥር ደግሞ አጭሩ ሞላ ላላና ከመቀመጫው ወጣ፣ አካሏ ጎማው ላይ ተኛ። እንካ፣ ግፋው።»

ሙሉጌታ ዘንጉን ገፋው። እንደ ባዶ የብስክሌት መንፊያ ያለ ምንም ትግል ገባ። ሳበው፣ እንዲያው ወጣ። ደግሞ ገፋው፣ ደግሞ ሳበው። ብዙ ጊዜ ደጋገመው። እጁ ጠቁሮ ዘይት በዘይት ሆነ።

«እናቴ እኮ ውስጧ ነበረች» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለ ጀማል። «ሌሊት አልተኛሁም።»

ሙሉጌታ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ሳሙና የት አለ?» አለኝ። ውኃ አፈሰስኩለት። እጁን ታጥቦ ሲጨርስ የተተረተረ ኮቱን በሚቀጥለው ሳምንት ለልብስ ሰፊ ልስጠው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ተዪው» አለ፣ «እንደዚያው ይቀመጥ።» የእሱ ይቅርታ ይህች ነበረች። ተቀበልኳት።

እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ ወንድሞቼ፣ ሠርግ ሲደርስ መኪናችሁን አሳምሩ፣ አልከለክልም። መኪናን ዝቅ ማድረግ በደንብ የሚሠራበት መንገድ እንዳለም ጀማል ነግሮኛል፤ ሞላውም ሾኩም አብረው ለእሱ ተብለው የተሠሩ ሲሆኑ ነው። ሞላ ብቻ ቆርጦ ሰው መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። ጀማል ዛሬ ሞላ ቁረጥልኝ የሚለው ሲመጣ ያንን የጨቀየ ዘንግ ይሰጠዋል፣ «እስቲ ግፋው» ይለዋል። የእኛ መኪና ረጅሙ ሞላዋ ተመልሶላት አሁን እንደ ግመል ቆማ ትሄዳለች። ጓደኞቹ ሲስቁ ሙሉጌታም አብሮ ይስቃል።

ለእህቶቼ የምለው ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም። አሁንም ሰው ሲበዛ ፊቴ ይቀላል። ቀፊራ ላይ ዋጋ የምናገረው እኔ ሆኛለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ድሮ ሁሉም ደስ ብሎት እኔ ብቻ ስፈራ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን መጀመሪያ ጎኔ ያለውን ብረት እነካለሁ። ከሞቀ፣ ሞቋል።

ጀማል ያን ብረት ይዞ ከመምጣቱ በፊት፣ ሙሉጌታ ገና በደንብ ሳያናግረኝ፣ እማማ ዘነበች ወደ ሐረማያ ተመለሱ። በሚኒባስ ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም፣ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ያን ቀን መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው እንደተቆጣኝ ያውቃሉ፣ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አማት ሲሰናበት የሚለውን እየጠበቅኩ ነበር። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው አገጬን ወደ ላይ አደረጉት።

«ልጄን አደራ አልልሽም» አሉኝ። «ሲፈጥን አስቁሚው። ሲቆጣ ይቆጣ።»